የዘማቿ ወኪል

ትርንጎ ሻንጣዋን እየጎተተች ክሊኒኩ በር ላይ ስትደርስ ከውስጥ የራሷን ድምፅ ሰማች።

«ቀስ በል ጋሽ ሽመክት፣ ማንም አያሯሩጠንም» ይላል ድምፁ። ጥርት ያለ፣ ሳቅ ሳቅ የሚል የሴት ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንደነበራት ረስታው ነበር። ሻንጣዋን አስቀምጣ ቆመች። የድሬዳዋ ፀሐይ ገና በጠዋቱ ጀርባዋን ይለበልባል። በሩ አልተከፈተላትም። ደረቷ ላይ ያለችው የፈቃድ መብራት ጠፍታለችና በሩ ትርንጎን አላወቃትም።

በዚያ ዘመን የሙያ ፈቃድ በመስታወት ተለብጦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት መሆኑ ቀርቷል። ደረት ላይ የምትለጠፍ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ አረንጓዴ መብራት ናት። ባለሙያው ሲሠራ ፈቃዱ በየቀኑ ይታደሳል፤ ሥራውን ሲተው መብራቷ እየደበዘዘች ትሄድና ትጠፋለች። መብራቱ የጠፋበት ፀጉር አስተካካይ ወንበሩ ከፍ አይልለትም። መብራቱ የጠፋበት መምህር ሰሌዳው አይበራለትም። ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ቁልፉንና መነጽሩን እንደሚፈትሸው ሁሉ ደረቱንም ዳሰስ ማድረግ ለምዷል።

ጣጣው ተጠባባቂ ጦር ውስጥ በተመዘገቡት ላይ ነበር። አገር ስትጠራቸው ሥራ ይተዋሉ፤ ሥራ ሲተዉ ፈቃዳቸው ይሞታል። ለዚህ ተብሎ የወጣው ደንብ ረጅም ስም ነበረው፤ ሕዝቡ ግን በአጭሩ «እፎይታ» ይለዋል። በእፎይታ መሠረት ባለሙያው ሲዘምት ድምፁ፣ አሠራሩና አመሉ ተቀድቶ ወኪል ይቀመጥለታል። ወኪሉ በዘማቹ ስም ይሠራል፤ ፈቃዱም በሕይወት ይቆያል። ዘማቹ ሲመለስ ወኪሉ ይሰናበታል። ጥሩ ደንብ ነበር፤ ብዙ ሰው እንጀራው እንዳይቋረጥ አድርጓል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ያላሰቡት ነገር ቢኖር ዘማቹ ተለውጦ ሊመለስ እንደሚችል ነው።

ትርንጎ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ናት። ስትሮክ አንደበታቸውን የወሰደባቸው ሰዎች እንደገና እንዲናገሩ ማድረግ ነው ሥራዋ። በዚህ ሥራ ድሬ ውስጥ ስም ነበራት። ፈጣን፣ ተጫዋች፣ ታካሚው ቃል ጠፍቶት ሲንተባተብ ቶሎ ብላ የምታቀብል ሴት ነበረች። ጋሽ ሽመክት ወደ እሷ የመጣው የዘመቻው ጥሪ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ባቡር ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ግዙፍ ሰው ነው። ሚስቱ እትዬ እልፍነሽ እጁን ይዛ አስገባችውና ትርንጎ አንቱ ስትለው፣ «ኧረ አንተ በይው፤ አንቱ ሲሉት ያረጀ ይመስለዋል» አለቻት።

ስትሮኩ ቃሉን ሁሉ ወስዶ አንዲት ብቻ ተወለት፤ «አቦ»። ድሬዎች ሲለምኑም ሲቆጡም ሲገረሙም የሚሏት ያቺው «አቦ»። ውሃ ሲጠማው «አቦ»፣ እግሩን ሲያመው «አቦ»፣ የሚወደውን ሰው ሲያይ «አቦ»። እልፍነሽ በድምፁ አወጣጥ ትለየው ነበር።

ያን ሰሞን በአፋር በኩል ያለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ፈነዳ። አመዱ መንደር እያለበሰ፣ መንገድ እያጠፋ መጣ። ትርንጎ ተማሪ ሳለች የተመዘገበችበት ተጠባባቂ ጦር ሕዝቡን እንዲያወጣ ተጠራ። ልትሰናበታቸው ስትሄድ ጋሽ ሽመክት እጇን በግራ እጁ ይዞ «አቦ» አላት። የዚያን ቀኑን «አቦ» እልፍነሽም አልተረጎመችው።

አንድ ወር ይፈጃል የተባለው ዘመቻ ሁለት ክረምት ፈጀ። ተራራው እየተኛ እየተነሣ አላስቀምጥ አላቸው። ትርንጎ ስትመለስ አካሏ ደህና ነው፤ ድምፅዋ ግን ሌላ ሆኗል። ጎርንኗል፣ ተሰንጥቋል፣ አንዳንዴም ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ እልም ይላል። ምን ነካሽ ሲሏት «አመድ ነው» ብላ ታልፋለች። ከዚያ በላይ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

በሩን ከውስጥ የከፈተችላት የክሊኒኩ ኃላፊ ዶክተር ምንታምር ናት። አቅፋ አገላብጣ ሳመቻት።

«መጣሽ! ምነው ሳትነግሪን?»

«እናንተን ለማየት ቸኩዬ።»

ዶክተር ምንታምር ቀና ብላ አየቻት። «ጉንፋን ይዞሻል?»

«አይ፣ አመድ ነው።»

በመስታወቱ ግድግዳ በኩል የራሷ ክፍል ይታያል። የራሷ ወንበር ባዶ ነው። ከፊት ለፊቱ ጋሽ ሽመክት ተቀምጦ መደርደሪያው ላይ ወዳለችው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ያያል። ፊቱ ሞላ ብሏል፣ ፂሙን ተላጭቷል።

«ዛሬ...» አለ ጋሽ ሽመክት፤ አፉን ከፍቶ ቃል ፈለገ።

«ሞቃት ነው!» አለች ወኪሏ።

«ሞቃት ነው።»

«ጎበዝ! የመጣሁትም...»

«በ... በ...»

«በታክሲ ነው!»

«በታክሲ ነው» አለ ጋሽ ሽመክት፤ ደስ ብሎት።

«አየሽ ለውጡን?» አለች ዶክተር ምንታምር። «ያኔ እኮ አንዲት ቃል ነበረችው። ያንቺ ሥራ ነው!»

ትርንጎ በመስታወቱ በኩል ማየቷን ቀጠለች። ክፍሉ ውስጥ ያለችው ሴት እሷ ራሷ ናት፤ ሲያዩአት ቸኳላ ናት፣ ታሳዝናለች፣ ደግሞም ደግ ናት። እውነትም እንዲህ ነበርኩ አለች በልቧ።

ከሰዓት በኋላ ከፈቃድ ጽሕፈት ቤት ባልካቸው የሚባል ሰው መጣ። ረጋ ያለ፣ መጥፎ ወሬ መናገር ሲኖርበት ጆሮውን የሚነካካ ሰው ነው። ትርንጎና ወኪሏ አንድ አዲስ ታካሚ በየተራ እንዲያለማምዱ አደረገ። እሷ እያናገረች ሳለ ደረቷ ላይ ያለችው መብራት ብርቱካናማ ሆና ብልጭ ድርግም አለች፤ ከዚያ ጠፋች።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ፈቃድዎ በሕይወት አለ» አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ግን...» ጆሮውን ነካ። «ፈቃዱ ከሚያውቃት ሴት ጋር አልተመሳሰላችሁም። የድምፁ ነገር ብቻ ቢሆን በሐኪም ማስረጃ እናልፈው ነበር። አሠራርዎም ተለውጧል። ታካሚው ዝም ሲል እርስዎም አብረው ዝም ይላሉ። ድሮ እንዲህ አያደርጉም ነበር።»

«ድሮ አላውቅም ነበራ!»

«እሱ ይገባኛል። መዝገቡ ግን የሚያነበው እንዲህ ብሎ ነው፤ ባለፈቃዷ አልተመለሰችም።»

«ታዲያ እኔ የት ነው ያለሁት?»

ባልካቸው ሊያስከፋት አልፈለገም፤ ግን ተጠይቋል። «በደንቡ መሠረት ገና ዘመቻ ላይ ነዎት» አለ።

ትርንጎ ሳቋ መጣ፤ ሳቁም በጉሮሮዋ ተሰነጣጥቆ ሳል ሆነ። ባልካቸው ሳሉ እስኪያልፍላት ጠበቃት፤ ከዚያ መውጫውን ነገራት። አንደኛው መንገድ ወኪሏን አጥንታ መልሳ መምሰል ነው። ሁለተኛው ምስክርነት ነው። ከዘመቻው በፊት ያከመችው፣ በኋላም ወኪሏ ያከመችው ታካሚ ከእሷ ጋር አንድ ጊዜ ተቀምጦ፣ ባለሙያዬ ይህች ናት ብሎ በራሱ አንደበት ከመሰከረላት ፈቃዱ አሁን ባለችው ትርንጎ ላይ ይመዘገባል፤ ወኪሏም ያን ጊዜ ትሰናበታለች።

«በራሱ አንደበት» አለች ትርንጎ። «እኔ ጋ የሚመጡት እኮ አንደበት የሌላቸው ናቸው።»

«አውቃለሁ» አለ ባልካቸው። «ደንቡን ስናወጣ እርስዎ አልነበሩም።»

መጀመሪያ የቀለለውን መንገድ ሞከረች። ጠዋት ጠዋት ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤቷ፣ የወኪሏን ድምፅ ቅጂ የሚያሰማና መመሳሰሏን የሚለካ ማሽን ከፍታ፣ መስታወት ፊት ቆማ የገዛ ራሷን ታጠናለች። «ጎበዝ!» ይላል ቅጂው፤ «ጎበዝ» ትላለች ትርንጎ። ማሽኑ ገና ነሽ ይላታል። «ቀስ በል!» ይላል ቅጂው፤ «ቀስ በል» ትላለች። ትንሽ ቀርተሻል ይላታል። ጎረቤቶቿ በመስኮት ሁለት ሴቶች የሚጨቃጨቁ እየመሰላቸው ያልፋሉ። ጉሮሮዋ ደም ደም እስኪላት ታገለች። አንድ ቀን ማሽኑ «ተቃርበሻል» አላት። የዚያን ቀን ዘግታው ተነሣች፤ ዳግመኛም አልከፈተችውም።

ወደ ድሮዋ ትርንጎ መመለስ ያልፈለገችው በአንድ ምክንያት ነው። በረሃ በነበረው ድንኳን ሆስፒታል ውስጥ ድምፅዋ ጨርሶ ጠፍቶባት ለሳምንታት ተኝታለች። ነርሶቹ ጥሩ ሰዎች ነበሩ። ውሃ ልትል አፏን ስትከፍት «ሽንት ቤት ነው?» ይሏታል። ሙቀቱን ልታማርር ስትል «አይዞሽ፣ ትድኛለሽ» ብለው ትራሷን አስተካክለው ይሄዳሉ። ከደግነታቸው ብዛት አንድም ነገር ሳትናገር ይመሻል። እስክትናገር የምትጠብቃት አጠገቧ የተኛች አንዲት የአፋር ሴት ብቻ ነበረች። ሴትየዋ አማርኛ አታውቅም፤ ከመጠበቅ በቀር የምታደርገው አልነበራትም። ትርንጎ አፏን ስትከፍት ዓይን ዓይኗን እያየች ትቆያለች። የመጀመሪያዋ ቃል ከጉሮሮዋ የወጣችው ለእሷ ነው። ሥራዋን የተማረችው የዚያን ቀን እንደሆነ ይሰማታል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ብትማረውም እንኳ።

ማሽኑን በዘጋችው ማግስት ከዚራ ሰፈር፣ ጋሽ ሽመክት ቤት ሄደች።

«ማነው?» አለች እልፍነሽ ከውስጥ።

«ትርንጎ ነኝ እትዬ።»

«የማን ትርንጎ?» እልፍነሽ በሩን ከፍታ አየቻት፤ መልኳን ስታውቅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ ልጄን! ድምፅሽን ማን ወሰደው?» ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ጋሽ ሽመክት ዛፉ ሥር ወንበሩ ላይ ነበር። ከጎኑ ካለች ዱካ ላይ ወኪሏ የምትናገርባት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ተቀምጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ድረስ ትመጣለታለች። ትርንጎ አጎንብሳ «ጋሼ፣ መጣሁ» አለችው። ትኩር ብሎ አያት።

«አይደለችም» አለ ለሚስቱ። ወደ ማጉያዋ ጠቆመ። «ትርንጎ... ይቺ።»

እልፍነሽ በሀፍረት ትርንጎን እጇን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት። ሻይ ቀዳችላትና ራሷ ሳትጠጣ ቆመች።

«ልንገርሽ? ቅናት ይዞኛል» አለች። «በዚህ ዕድሜዬ! ከሷ ጋር ያወራል፣ ይስቃል። እሷ ስትዘጋና ከኔ ጋር ሲቀር አንዲት ቃል አይወጣውም። እኔ ቃል ማቀበል አልችልበትማ። ድሮ በ‹አቦ›ው ነበር ልቡን የማውቀው። አሁን ያቺን ቃልም ተዋት፤ ማጉያዋ ‹አቦ› አትበል፣ ቃሉን በል እያለች አስተወችው። ሰው ሁሉ ሽመክት ተናገረ ይለኛል። እኔ ግን ባሌ ድሮ ይሻለኝ ነበር። ኃጢአት ነው አይደል?»

«አይደለም እትዬ።»

ትርንጎ የመጣችበትን ነገረቻት። እልፍነሽ የሻዩን ማንኪያ እያገላበጠች ሰማቻትና «እምቢ ካለሽስ?» አለች።

«እምቢ ካለ እምቢ ነው። እምቢ ማለትም መናገር ነው።»

«እሺ ካለሽ ደግሞ ያቺ ትጠፋለች። ያገኘውን ቃል ሁሉ ይዛበት ብትሄድስ?»

ትርንጎ አይሆንም ብላ ልታጽናናት ትችል ነበር። «ሊሆን ይችላል» አለች። «አላውቅም እትዬ።»

እልፍነሽ በጓዳው መስኮት ወደ ባሏ አየች። ጋሽ ሽመክት ማጉያዋ የምትለውን እየተከተለ ይደግማል፤ «ዛፍ»፣ «ጥላ»፣ «ወፍ»። «ይዤው እመጣለሁ» አለች ወደ ትርንጎ ዞራ።

የምስክርነቱ ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበሩት እነዚሁ ናቸው። ባልካቸው ጥግ ይዞ ተቀመጠ፤ ዶክተር ምንታምር ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ እልፍነሽ ከባሏ ትንሽ ራቅ ብላ ወንበር ያዘች። መደርደሪያው ላይ ያለችው ወኪል እንድትሰማ እንጂ እንዳትናገር ተደርጓል። ትርንጎ ከብዙ ጊዜ በኋላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ እንግዳ ሆኖባታል።

«ጋሼ፣ ዛሬ እንዴት ዋልክ?» አለችው።

ጋሽ ሽመክት አፉን ከፍቶ ወደ መደርደሪያው አየ። ቃሉ ከዚያ እስኪመጣለት ጠበቀ። አልመጣም። ወደ ትርንጎ ዞረ፤ እሷም አልሰጠችውም። ዝምታው ረዘመ። ባልካቸው ጆሮውን ያዘ። ዶክተር ምንታምር «ደህና ነኝ በላ» ልትል ከንፈሯን አንቀሳቅሳ ተወችው። እልፍነሽ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። የሰው ልጅ ሲፈልግና ሲያጣ ማየት ለሚያየው ሰውም ከባድ ነው፤ ሰው ቶሎ ብሎ የሚያቀብለውም ለዚሁ ነው፤ ከታካሚው ይልቅ ራሱን ለማሳረፍ።

የጋሽ ሽመክት ፊት ቀላ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። በድንገት በደህናው እጁ ጠረጴዛውን መታና ጮኸ፤

«አቦ!»

እልፍነሽ ከወንበሯ ብድግ አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ተናዷል» አለች ለሁሉም፤ የጠፋባትን ነገር ያገኘች ያህል ደስ እያላት። «በጣም ነው የተናደደው!»

ትርንጎ ልትመልስለት ፈለገች። ልክ ነህ ተናደድ፣ እኔም ተናድጄ ነበር ልትለው። «ልክ ነ...» አለችና ድምፅዋ እልም አለ። ደግማ ሞከረች፤ አየር ብቻ ወጣ። በምስክርነቷ ቀን፣ የፈቃድ ሰው ፊት፣ አፏን ከፍታ ቀረች። አንገቷ ሥር ያለው ጅማት ተገተረ። ቃሉ እዚያው አለ፣ ታውቀዋለች፣ አይወጣም።

ጋሽ ሽመክት ይህን አየ። ቁጣው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ለቀቀ። ይህን ፊት ያውቀዋል፤ በየቀኑ መስታወት ውስጥ የሚያየው ፊት ነው። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገ። ክርኑን አስደግፎ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ ጠበቃት።

ሲቆይ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ በጣቶቹ ጫፍ ወደ እሷ ገፋው።

«ው...» አለ። ማንም አላቀበለውም። «ውሃ። ጠጪ።»

ጠጣች። ብርጭቆውን አስቀመጠች። ጉሮሮዋ ትንሽ ሲከፈትላት «አመሰግናለሁ ጋሼ» አለችው፤ የወረቀት መቀደድ በሚመስል ድምፅ።

«አንቺም...» አለ ጋሽ ሽመክት። ፈለገ፤ ሁሉም ጠበቁ። ያን ጊዜ ዝምታው ማንንም አላስጨነቀም። «እንደ... እኔ» አለ፤ አፉን በጣቱ እየነካ።

«እንዳንተ» አለች።

ባልካቸው ጉሮሮውን ጠራረገ። መጠየቅ ያለበትን መጠየቅ ነበረበት። «ጋሽ ሽመክት፣ ባለሙያዎ ይህች ናት ብለው ይመሰክራሉ? በራስዎ አነጋገር ይንገሩን።»

ጋሽ ሽመክት ትርንጎን ከላይ እስከ ታች አያት። ውጭ ባጃጅ አለፈ፣ ልጆች እየተንጫጩ አለፉ።

«ድምጿ...» አለ። «አሮጌ... ባቡር... ነው።»

ባልካቸው ጣቱ ጆሮው ላይ እንዳለ ቀረ። ዶክተር ምንታምር ዓይኗን ጨፈነች። ትርንጎ ግን አልቸኮለችም፤ ጋሽ ሽመክት ገና አልጨረሰም፤ ከከንፈሩ ጥግ አንድ ነገር ሊያመልጠው ይታገላል።

«ግን... ይደርሳል» አለ።

መጀመሪያ የሳቀችው እልፍነሽ ናት። ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ልቅሶው መልሶ ወደ ሳቅ። «ቀለደ!» አለች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ እየጠመጠመች። «ሰማችሁ? ባሌ እኮ ቀለደ! ከታመመ ጀምሮ አንድም ቀን ቀልዶ አያውቅም!» ጋሽ ሽመክት ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«ይህን ደግሞ ምን ብዬ ልጻፈው?» አለ ባልካቸው።

«እንዳለው ነዋ!» አለች እልፍነሽ።

እንዳለው ጻፈው። የትርንጎ ደረት ላይ ያለችው መብራት ትንሽ ተወዛወዘችና አረንጓዴ ሆነች።

ደንቡ ወኪሉ ከመሰናበቱ በፊት ከዘማቹ ጋር ርክክብ እንዲያደርግ ያዛል። እልፍነሽ ከመውጣቷ በፊት ወደ መደርደሪያው ቀረበች። የቀናችባት ያቺው ናት፤ ዝም ብላ መሄድ ግን አልሆነላትም።

«ደህና ሁኚ ልጄ» አለቻት። «ደክመሽልናል። አንድም ቀን ሳትሰለቺ።»

«እኔም ደስ ብሎኝ ነበር እትዬ» አለች ወኪሏ፤ በዚያ በጥርት ባለው ድምፅ። ትርንጎ መስኮት መስኮቱን አየች።

ሁሉም ወጡና ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ወኪሏ ታካሚዎቹን አንድ በአንድ አስረከበቻት። ማን ቶሎ እንደሚደክመው፣ ማን በስሙ ካልጠሩት እንደማይመልስ፣ ማን ልጁ ውጭ አገር ስለሄደች ሰሞኑን እንደከፋው። ጋሽ ሽመክት ሲበሳጭ መስኮት ይከፈትለት አለች። ትርንጎ ሰማች። ቸኳላ ብትሆንም አፍቅራቸዋለች አለች በልቧ፤ ከዚያ ያፈቀረችው ራሷ ትርንጎ እንደሆነች ትዝ አላትና ፍቅሩ የማን እንደሆነ መለየት አቃታት።

«ጨረስኩ» አለች ወኪሏ። «የምትጠይቂኝ አለ?»

«የለም።»

«እኔ ግን አለኝ። ድምፅሽ ምን ሆኖ ነው?»

«አመድ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። ክፍሉ ጭር ብሏል። ያ ድምፅ ከእንግዲህ በዓለም ላይ የትም አይሰማም፤ ለማንም ከምትነግር ይልቅ ለእሱ መንገር ተገቢ መስሎ ታያት።

«አንድ ቀን ጠዋት ደመናው መንደሩ ላይ ወረደ» አለች። «እጅሽን ዘርግተሽ እጅሽን አታዪውም። መኪኖቹ አመድ ጠጥተው ሞተራቸው ጠፋ፣ ጡሩምባቸውም ታፈነ። ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተበትኗል፣ መንገዱ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እኔ መንገዱ ላይ ነበርኩ። ‹ወደዚህ!› እያልኩ መጣራት ጀመርኩ። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ስጮህ አይሰማም፤ ስለዚህ ገለጥኩት። እነሱም ድምፄን ተከትለው መጡ። አንዱ የሌላውን ልብስ ይዞ፣ ከብቶቻቸውም ጭምር። ዝም ባልኩ ቁጥር ይጠፋሉ። ሲመሽ እንኳ ከሩቅ የሚያስል ሰው ይሰማኛል፤ እንዴት ብዬ ዝም ልበል? ‹ወደዚህ፣ ወደዚህ› እያልኩ ነው ድምፄ ያለቀው።» ትንሽ አረፈች። «ሁሉም አልመጡም። የመጡት መጡ።»

መልስ ጠበቀች። ወኪሏ ዝም አለች። ድሮ ቢሆን «አይዞሽ!» ብላ ታቋርጣት ነበር። ቀና ብላ ስታይ የማጉያዋ መብራት ጠፍቷል። ከየትኛው ቃል ላይ እንደጠፋ አላወቀችም። ርክክቡ አልቋል።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ጋሽ ሽመክትና እልፍነሽ አልሄዱም፤ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል። ትርንጎ ስትወጣ እልፍነሽ «ውይ ልጄ፣ አይ...» ብላ ልትነሣ ስትል ጋሽ ሽመክት ጉልበቷን ያዝ አደረገና አስቀመጣት። ከዚያ ያን ግዙፍ አካሉን በግድ ወደ ጎን አንፏቆ ቦታ ለቀቀ።

ትርንጎ መሐላቸው ተቀመጠች። የኮሪደሩ መስኮት ክፍት ነው፤ የግቢው ዛፎች ይንሾካሾካሉ። ጋሽ ሽመክት አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ሁለቱ ሴቶች ጠበቁት።

«ከ... ከዚያስ?» አላት።

ከዚያ ያለውንም ነገረችው።